የድር አሳሽን ማሻሻል

የድር አሳሽን ማሻሻል ማለት በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ የሚገኝን፣ ጊዜው ያለፈበትን የድር አሳሽ በአዲስ ዕትም መተካት ነው። በተለምዶ ብራውዘር የሚባለው የድር አሳሽ ድረ ገጾችን ለመክፈት የሚያገለግል ሶፍትዌር ሲሆን፣ ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅና ኦፔራ በሰፊው ይታወቃሉ። ሥራው ለለመደ ሰው የደቂቃዎች ጉዳይ ቢሆንም፣ ለጀማሪ ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው እርዳታ ይከናወናል።

ታሪክና ምክንያት

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 እ.ኤ.አ. በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ወጥቶ ለብዙ ዓመታት በጥቅም ላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2011 አምራቹ ማይክሮሶፍት ራሱ ሰዎች ይህን አሳሽ እንዲተዉ ዘመቻ ጀመረ። ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ደግሞ በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 ዕትሞች ላይ ሰኔ 15 ቀን 2022 አበቃ።

ድጋፉ ያበቃ አሳሽ የደህንነት ቀዳዳው አይደፈንለትም። ከዚህም ሌላ ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች መረጃን የሚልኩት በምስጢር ተቆልፎ ነው፤ ውክፔዲያም እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉ በሙሉ ወደዚህ አሠራር ገብቷል። አዲሱን የምስጢር አቆላለፍ የማያውቅ አሳሽ ገጹን ጨርሶ አይከፍትም። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በኢንተርኔት ስለሚታይ፣ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ብቻ ያለው ተማሪ ውጤቱን ለማየት ይቸገራል።

ችግሩን መለየት

ገጽ አልከፈት ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የአሳሹ አይደለም። ሦስት ምልክቶች በተለይ ይምታታሉ።

በአማርኛ ፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ የጎደለው ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶው��� ጋር መምጣት የጀመረው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ነው። በኤክስፒ ላይ ፎንቱን ለብቻ መጫን ያስፈልጋል።

ብዙ ገጾች ስለ ቀን ወይም ስለ ሰርተፍኬት ካስጠነቀቁ መጀመሪያ የሚታየው የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን ነው። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሲደክም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነም ኮምፒውተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ስለሚቀር፣ አሳሹ የገጾቹን ሰርተፍኬት ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥራል።

ቀኑ ትክክል ሆኖ ሳለ «ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት መፍጠር አልተቻለም» የሚል መልእክት ከመጣ፣ የአሳሹ እርጅና አንዱ ዋና ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በብቸናና በሞጣ

የእነማይ ወረዳ ማዕከል ብቸናና የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ማዕከል የነበረችው ሞጣ፣ ሁለቱም ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው የምሥራቅ ጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። አዳዲስ አሳሾች ራሳቸውን የሚያድሱት በኢንተርኔት ስለሆነ፣ ግንኙነት በሌለበት ጊዜ ሁሉ ኮምፒውተሩ ባለበት ይቀራል። ግንኙነቱ ሲመለስ ደግሞ የተጠራቀመው ማሻሻያ በአንድ ጊዜ ወርዶ የተገዛውን የዳታ ጥቅል ሊጨርስ ይችላል።

በዚህ ምክንያት ግንኙነት ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማዞር ይመረጣል። ሆኖም ከክሮምም ሆነ ከፋየርፎክስ ገጽ በቀላሉ የሚወርደው ፋይል ብዙ ጊዜ ትንሽ ማስጀመሪያ ብቻ ሲሆን፣ ሲከፈት ቀሪውን ከኢንተርኔት ይፈልጋል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ሙሉው መጫኛ ነው፤ እሱም ከ50 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል።

አሠራር

በቅድሚያ የዊንዶውሱ ዕትም ይጣራል። በኤክስፒና በቪስታ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም ዕትም 49 ነው። በዊንዶውስ 7 ላይ ደግሞ ክሮም በዕትም 109፣ ፋየርፎክስ በዕትም 115 ያበቃሉ። ከዚያ በላይ ለመሄድ ስርዓተ ክወናውን መለወጥ ግድ ነው፤ አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ኮምፒውተር ቀላል የሊኑክስ ዓይነቶች አማራጭ ይሆናሉ።

ቀጥሎ የተጠቃሚው ዕልባቶችና የይለፍ ቃሎች ይጠበቃሉ። ያንኑ አሳሽ ማደስ በአብዛኛው አይነካቸውም፤ ወደ ሌላ አሳሽ ሲታለፍ ግን አሮጌው ከመጥፋቱ በፊት ወደ አዲሱ መዛወር አለባቸው። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች የሌሎች ሰዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ አይገለበጡም።

በኢንተርኔት ቤቶችና በትምህርት ቤት ላቦራቶሪዎች ዲፕ ፍሪዝን የመሰለ ሶፍትዌር ካለ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አዲሱ አሳሽ ይጠፋል። ስለዚህ ኃላፊው ቁልፉን አስቀድሞ እንዲከፍት ማድረግ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

«አሳሽዎ አርጅቷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚሉ አንዳንድ ገጾች ቫይረስ ማሰራጫ ናቸው። መጫኛ መወሰድ ያለበት ከአምራቹ ይፋዊ ገጽ ነው። በፍላሽ የመጣ ከሆነ፣ በፋይሉ ዲጂታል ፊርማ ላይ የአምራቹ ስም መኖሩ ይታያል።

አዲሱ አሳሽ መልኩ ስለሚለወጥ ጀማሪው የለመደውን ቁልፍ ሊያጣ፣ ከዚያም ወደ አሮጌው ሊመለስ ይችላል። ረዳቱ አይጡን ለባለቤቱ ትቶ በቃል ቢመራ፣ የሚከፍታቸውንም ገጾች አብሮት ቢያይ፣ ተጠቃሚው በሚቀጥለው ጊዜ ሥራውን ለብቻው ለማከናወን ይቀለዋል።