ከውሃ ቀጂነት እስከ ማኤስትሮነት፦ በሙራኖ ደሴት የብርጭቆ ባለእጅ አሠለጣጠን ታሪክ

የመስታወት ጥበብ ሲነሣ የብዙው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሐሳብ አስቀድሞ የሚያርፈው አፈወርቅ ተክሌ በነደፏቸውና በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር በሚሸፍኑት ባለቀለም መስኮቶች ላይ ነው። ያ ሙያ ግን ተሠርቶ የቀዘቀዘውን ባለቀለም መስታወት እየቆረጡና እየገጣጠሙ ሥዕል የማውጣት ሙያ ሲሆን፣ እዚህ የሚተረከው ከዚያ የሚቀድመው የእሳቱ ሥራ፣ ማለትም እንደ ማር የቀለጠውን ብርጭቆ በትንፋሽና በጉጠት ቅርጽ የሚያስይዘው ባለእጅ ከልጅነቱ ጀምሮ የተቀረጸበት መንገድ ነው። ለዚህ ሙያ ታሪክ በሰነድም ሆነ በሥራ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ያላት ስፍራ ከቬኒስ በስተ ሰሜን፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ባሕር ተሻግራ የምትገኘው የሙራኖ ደሴት ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቬኒስ የብርጭቆ ሠሪ ስም በጽሑፍ ከተገኘባቸው ሰነዶች ጥንታዊው የ982 ሲሆን፣ በእሱ ላይ ዶሜኒኮ የተባለ ሰው «ፊዮላሪዮ» ተብሎ ተጠቅሷል። ቃሉ አንገቱ ቀጭን ሆዱ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ ሠሪን ያመለክታል፤ የኢትዮጵያን የጠጅ ብርሌ የሚያውቅ ሰው የዕቃውን ቅርጽ ለማሰብ አይቸገርም። በ1271 ፊዮላሪዎቹ የሙያ ማኅበራቸውን ደንብ በጽሑፍ አሰፈሩ፤ ኅዳር 8 ቀን 1291 ደግሞ የቬኒስ ታላቁ ምክር ቤት የብርጭቆ ምድጃዎች ሁሉ ከከተማዋ እንዲወጡ ወሰነ። የተሰጠው ምክንያት የእሳት አደጋ ነበር፤ ቤቶቹ በአብዛኛው ከእንጨት በተሠሩባት ከተማ ቀንና ሌሊት የሚነድ ምድጃ ማስፈራቱ አያስደንቅም። ይሁንና ባለሙያዎቹ ዙሪያዋን ባሕር በከበባት አንዲት ትንሽ ደሴት መሰብሰባቸው እነሱንና ምሥጢራቸውን ለመቆጣጠርም የተመቸ እንደ ነበረ አይካድም።

ማኅበሩ ምድጃዎቹ በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ጠፍተው እንዲቆዩ ይደነግግ ስለ ነበር፣ ሥራ በሚቆምበት በዚያ ጊዜ ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻግረው ሙያቸውን የሚሸጡ ሰዎች አልጠፉም፤ የቬኒስ ሪፐብሊክም ይህን ለማገድ ሕግ ላይ ሕግ አወጣች። ከደሴቲቱ የኮበለለ ባለእጅ ሁሉ በነፍሰ ገዳይ ይታደን ነበር የሚለው በሰፊው የሚነገር ታሪክ ግን ከእውነቱ ይልቅ የተጋነነ ነው። መንግሥት የኮበለለውን ይከስስ፣ ንብረቱን ይወርስ፣ ቤተሰቡን ያስጨንቅ እንደ ነበረ እርግጥ ሲሆን፣ ከዚያ ባልተናነሰ ምሕረትና ጥቅም እየሰጠ ወደ አገሩ ይመልሰው ነበር፤ ምክንያቱም የተካነ እጅ ከተገደለ አይተካም፣ ከተመለሰ ግን ሌሎችን ያስተምራል።

ሪፐብሊኳ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የጠበቀችው በመጀመሪያ ደረጃ ቅመማውን ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ አንጀሎ ባሮቪየር የተባለው ሊቅ ባለእጅ፣ «ክሪስታሎ» የተሰኘውን፣ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ብርጭቆ ለመሥራት በቃ። የሥራው መሠረት ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛው ከቲቺኖ ወንዝ ተለቅሞ የሚፈጭ ነጭ ጠጠር፣ ሁለተኛው ከሶርያና ከግብፅ ጠረፍ በመርከብ የሚመጣ የጨዋማ ምድር ዕፅ አመድ። አመዱ ተፈልቶና ተጣርቶ ጨው ብቻ እስኪቀር ድረስ ይነጻል፤ ከጠጠሩ ጋር ከቀለጠ በኋላ ደግሞ ጥቂት ማንጋኒዝ ይጨመርበትና በብረት ምክንያት የሚመጣውን አረንጓዴነት ያጠፋለታል። በመላው አውሮፓ የተመኙት ብርጭቆ ይህ ነበር። ሆኖም ምሥጢሩ ከ200 ዓመት በላይ አልቆየም፤ አንቶኒዮ ኔሪ የተባለው ካህን በ1612 ፍሎሬንስ ላይ ባሳተመው የብርጭቆ ሙያ መጽሐፍ ቅመማውን ለሚያነብ ሁሉ ገለጠው፣ በ1662ም መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ያም ሆኖ የሙራኖን ዋንጫ መጽሐፍ በማንበብ ብቻ የሠራ ሰው አልተገኘም፤ የደሴቲቱ እውነተኛ ሀብት ያለው በቅመማው ውስጥ ሳይሆን ሰው በሚሠለጥንበት ሥርዓት ውስጥ ነበርና።

ሥርዓቱ የሚጀምረው «ፒያትሳ» ከሚባለው ቡድን ነው። ቃሉ በተለመደው ጣልያንኛ አደባባይ ማለት ሲሆን፣ በብርጭቆ ቤት ግን በአንድ መቀመጫ ዙሪያ አብረው የሚሠሩትን ሰዎች ያመለክታል። ከሁሉ በታች «ጋርዞኔቶ»፣ ማለትም ትንሹ ልጅ አለ፤ ውሃ ይቀዳል፣ ወለል ይጠርጋል፣ መሣሪያ ያቀብላል። ቀጥሎ «ጋርዞኔ» ይመጣል፤ ከእሱ በላይ የዋናው ባለእጅ ቀኝ እጅ የሆነው «ሰርቬንቴ» አለ፤ በመቀመጫው ላይ የሚቀመጠው ግን «ማኤስትሮ» ብቻ ነው። ከደረጃ ወደ ደረጃ መሸጋገር የዓመታት ጉዳይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ሰርቬንቴ ሆነው ያልፉ ነበር፤ ይህም እንደ ውርደት አይቆጠርም፣ ያለ ጥሩ ሰርቬንቴ ማኤስትሮ ምንም አይሠራምና።

አንድ እግር ያለው ዋንጫ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ሰርቬንቴው ረጅሙን የብረት ቱቦ 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በደረሰው እሳት ከቀለጠው ብርጭቆ ነክሮ ጫፉ ላይ እየጠቀለለ ያወጣል፣ በብረት ገበታ ላይ ያንከባልለዋል፣ የመጀመሪያዋን ትንፋሽ እፍ ብሎበት ለማኤስትሮው ያስረክባል። ማኤስትሮው ቱቦውን በመቀመጫው ሁለት ክንዶች ላይ አጋድሞ በግራ እጁ ሳያቋርጥ ያሽከረክረዋል፣ በቀኙ ጉጠት ይዞ አንገቱን ያጠብባል፤ ማሽከርከሩን ለአፍታ ቢያቆም ብርጭቆው በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይዘምማል። ጋርዞኔው በቱቦው ጫፍ ተንበርክኮ ማኤስትሮው ራሱን ሲነቀንቅ ብቻ ይነፋል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ የእንጨት ሰሌዳ ይዞ የጌታውን ክንድ ከሙቀቱ ይከልላል። ለዋንጫው እግር የምትሆነው የቀለጠች ጠብታ ከምድጃው መድረስ ያለባት የዋንጫው ሆድ ከመጠን በላይ ሳይበርድ ነው፤ ሰርቬንቴው ሁለት ርምጃ ቢዘገይ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ዋንጫው በታቹ ከሌላ ብረት ጋር ይያያዝና ከቱቦው ተላቆ ከንፈሩ ይከፈታል፤ ከዚያም 500 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማብረጃ ምድጃ ገብቶ ለሰዓታት ቀስ እያለ እንዲበርድ ይደረጋል፤ በአንድ ጊዜ ከበረደ ይፈነዳልና። በዚህ ሁሉ መካከል የሚነገር ቃል ጥቂት ነው።

ስለዚህም ትምህርቱ በቃል የሚሰጥ አልነበረም። ልጁ ውሃ እየቀዳና መሣሪያ እያቀበለ ዓመታት ሲያሳልፍ ጊዜው የሚባክን ይመስላል፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የቡድኑን ርምጃ፣ የብርጭቆውን ቀለም ከሙቀቱ ጋር አያይዞ ማንበብን፣ ማኤስትሮው ከመጠየቁ በፊት የሚፈልገውን ማወቅን ይማራል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው መምህሩን እያገለገለና ከጓደኞቹ ዜማ እየሰማ ጆሮው የሚቀናበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው የዚህን አሠለጣጠን ጥበብ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ የሙራኖው ሙያ በአመዛኙ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መሆኑ ነው፤ ባሮቪየር፣ ሴጉሶ፣ ቶሶ የሚባሉት የቤተሰብ ስሞች ለመቶ ዓመታት ከምድጃ አልራቁም። ሴቶች ከፒያትሳው ውጭ ቢሆኑም ከሙያው ውጭ አልነበሩም፦ የአንጀሎ ልጅ ማሪየታ ባሮቪየር በ1487 የራሷን ትንሽ ምድጃ እንድትሠራ ከመንግሥት ፈቃድ ያገኘች ሲሆን፣ «ሮዜታ» የተባለችውን፣ በውስጧ የተደራረቡ ቀለማት እንደ ኮከብ የሚታዩባትን ዶቃ የፈጠረችው እሷ እንደ ሆነች ይነገራል። ይህች ዶቃ በንግድ መርከብ ተጭና ብዙ የአፍሪካ አገሮችን አዳርሳለች።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ ሊታለፍ የማይገባው የባለእጁ ክብር ነው። የማኤስትሮ ልጅ ከቬኒስ መኳንንት ወገን ብታገባ ልጆቿ መኳንንትነታቸውን አያጡም ነበር፤ በ1605ም የደሴቲቱ ነባር ቤተሰቦች ስም «የወርቅ መጽሐፍ» በተባለው መዝገብ ሰፈረ። በኢትዮጵያ ብረት የሚያቀልጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው ሰው «ጠይብ» እና «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅ እንደ ኖረ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት እንደ ደረሱ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ንጽጽር ልብ የሚነካ ነው። ሙራኖ ትንሽ ደሴት ሆና ሳለ ለመቶ ዓመታት የበለጸገችው እሳት የሚነካውን እጅ ስላከበረች ጭምር መሆኑን መካድ አይቻልም።

ሙያው ከሰው ጋር እንጂ ከወረቀት ጋር እንደማይሄድ የተረዱት የቬኒስ ተቀናቃኞች ነበሩ። የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር በ1665 ለፓሪስ የመስታወት ፋብሪካ የሚሆን የቅመማ ጽሑፍ አላስሰረቀም፤ ሰዎቹን ራሳቸውን ከሙራኖ አስኮበለለ እንጂ። ቬኒስ በመልእክተኛዋ በኩል አስፈራርታና አባብላ አብዛኞቹን መለሰቻቸው፤ ፈረንሳዮቹ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአጠገባቸው ቆመው ያዩትን ይዘው ነበርና፣ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የመስታወት አዳራሽ የተሰቀሉት 357 መስታወቶች በፈረንሳይ ምድር ተሠሩ።

በ1797 ሪፐብሊኳ በናፖሊዮን እጅ ወደቀች፣ በ1806 ደግሞ የሙያ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ብዙ ምድጃ ጠፋ፣ ከአባቶች የተወረሱ ብዙ ዘዴዎችም ሠሪ አጡ። ሙያውን ካነሡት ሰዎች ዋናው ቪንቼንዞ ዛኔቲ የተባሉ የደሴቲቱ ካህን ሲሆኑ፣ በ1861 ሙዚየም፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ለብርጭቆ ሠራተኞች የንድፍ ትምህርት ቤት አቋቁመው፣ ወጣቶቹ የጥንት ዕቃዎችን እያዩ የጠፋውን እጅ መልሰው እንዲያገኙ አደረጉ። በ20ኛው መቶ ዓመት ፓኦሎ ቬኒኒ በ1921 የጀመረው ድርጅት እንደ ካርሎ ስካርፓ ያሉ የሥነ ሕንፃ ሰዎችን በነዳፊነት አስገባ። ሥራዎቹ ድንቅ ናቸው፤ ይሁንና በየሙዚየሙ የሚጻፈው የነዳፊው ስም ሲሆን፣ ንድፉን ከእሳት ያወጣው ማኤስትሮ ስም ብዙ ጊዜ ይቀራል። ይህ አሠራር ለባለእጁ ፍትሐዊ አልነበረም።

ብርጭቆን ራሱ የሚነድፍና ራሱ የሚሠራ ሠዓሊ የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደው በአሜሪካ ነው። የሸክላ ሠሪው ሃርቪ ሊትልተን በመጋቢት 1962 በኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ትንሽ ምድጃ አቁሞ፣ ብርጭቆ ከፋብሪካ ውጭ በአንድ ሰው እጅ ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት ሞከረ። መጀመሪያ ማቅለጫው ተሰበረ፤ ዶሚኒክ ላቢኖ የተባለው የብርጭቆ ተመራማሪ ምድጃውን አስተካክሎ በቀላሉ የሚቀልጡ የብርጭቆ እንክብሎችን ባቀረበ ጊዜ ብርጭቆው ቀለጠ፤ ሆኖም ከተሰበሰቡት ሰዎች መካከል እንዴት እንደሚነፋ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ያሳያቸው ከፋብሪካ ጡረታ የወጣ አንድ አረጋዊ ነፊ ነበር። ምድጃውም ቅመማውም ተሟልቶ፣ የጎደለው እጅ ብቻ ነበር።

የሊትልተን ተማሪ የነበረው ዴል ቺሁሊ በ1968 ወደ ቬኒኒ ሄዶ የፒያትሳውን አሠራር አየ፤ ባየው ተመርቶም ብቻውን ከሚሠራ ሠዓሊ ይልቅ ቡድንን መረጠ፣ በ1971ም በዋሽንግተን ግዛት ፒልቸክ የተባለውን ትምህርት ቤት ከሌሎች ጋር መሠረተ። ወደዚያ ትምህርት ቤት በ1979 ያቀናው ሊኖ ታሊያፔትራ የሙራኖ ተወላጅ ሲሆን፣ በ1946 ገና በ11 ዓመቱ በአርኪሜዴ ሴጉሶ ምድጃ ውሃ በመቅዳት ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ ብቻ ብርጭቆ እንዲነካ ተፈቅዶለት፣ በ21 ዓመቱ ማኤስትሮ የሆነ ሰው ነበር። ለአሜሪካውያኑ ምንም ሳይደብቅ አስተማረ፤ ከደሴቲቱም የአባቶችን ምሥጢር ለባዕድ ሰጠ ብለው የወቀሱት ነበሩ። ወቀሳው ከየት እንደ መጣ መረዳት ይቻላል፤ ታሪኩ ግን የሚመሰክረው ለታሊያፔትራ ነው፣ ምሥጢሩ ከ300 ዓመት በላይ በመጽሐፍ ታትሞ ሳለ እጁን የሚያሳይ ማኤስትሮ እስኪመጣ ድረስ ለእነሱ አልጠቀማቸውምና። በዛሬዋ ሙራኖ በካህኑ በዛኔቲ ስም የሚጠራው የብርጭቆ ትምህርት ቤት ከውጭ አገር የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ በምድጃው ፊት ያስተምራል።