ዜና ስደትና ሚጠት በአገው ምድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ጣሊያን በአገራችን ላይ በሠለጠነባቸው አምስት ዓመታት ሰው በማን ታምኖ እንደ ነበረ፣ ማን እንዳፈረ፣ ማንስ እንደ ጸና፣ ይልቁንም በዘንገናና በእንጅባራ መንገድ የሆነውን እንጽፋለን።

ዘንገና በባንጃ ምድር፣ ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊና ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ያለ ሐይቅ ነው። ከምድር ሆድ የወጣ እሳት ቀዶ የተወውን ጉድጓድ ውኃ ሞልቶት፣ ክብ ሆኖ፣ ዙሪያውን ደን ከቦት ይኖራል፤ ጥልቀቱም ከ160 ሜትር በላይ ነው። አገሩ ደጋ ነው። ገብስና ድንች ይበቅልበታል፤ ከቀርቀሃው ቤትም አጥርም ይሠራል። ከሀብቱ ሁሉ የሚወደደው ግን ፈረሱ ነው። ባንጃ፣ አንከሻ፣ ኳኩራ፣ ጫራ፣ አዘና፣ ዚገም፣ መተከል፣ እነዚህ ሰባት ቤት አገው ይባላሉ፤ ፈረሰኞቻቸው በዓድዋ ዘምተዋል። ከበረሃው በመተከል በኩል ወጥቶ የጎጃምን ደጋ የሚሻ ጦር ሁሉ እንጅባራን ሳይረግጥ፣ በዘንገና ዳርም ሳያልፍ ወደ ቡሬ መድረስ ይቸግረዋል።

በዘመነ ዮሐንስ፣ በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦርነት ሆነ። ጠላት በዚያ ዘመቻ የመርዝ ጢስ ከሰማይ ያዘንም ነበር፤ ሠራዊታችንም ተፈታ። ጃንሆይ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ሸዋ አልወረዱም፤ መንገዳቸውን ለውጠው ወደ ላሊበላ ሄዱ። ወታደሩ እየተበተነ፣ የጠላት ጦርም ወደ ደሴ እየገሠገሠ ሳለ ንጉሡ ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ገብተው ጸለዩ። የጦር አዋቂ ይህን ሲያነብ ራሱን መነቅነቁ አይቀርም። እኔ ግን አልነቅፋቸውም፤ ያን ሳምንት ፈጥነው ቢወርዱም የሚያዙት ጦር አልነበረምና።

ደግሞም በጸሎት ብቻ አልቆሙም። ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ሄዱ። ኢትዮጵያ ከ1916 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች፤ ኀምሳ ያህል መንግሥታትም ጣሊያን በደለኛ ነው ብለው ፈርደው ነበር። ፈረዱ እንጂ ነዳጅ መሸጥ አልከለከሉም፤ የሱዌዝን ቦይም አልዘጉም፤ የጣሊያኑ ገዥ የሙሶሊኒ መርከብ ወታደሩንና መርዙን ጭኖ በቦዩ ቀረጡን እየከፈለ ያልፍ ነበር። ሰኔ 23 ቀን ጃንሆይ በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ፊሽካ እየነፉ ሊያቋርጧቸው ቢሹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ጠበቁ፤ ከዚያም ንግግራቸውን ጨረሱ። የሰሙትም አዘኑ፣ አመሰገኑም። ሐምሌ 8 ቀን ግን በጣሊያን ላይ ተጥሎ የነበረው የንግድ እገዳ ተነሣ።

የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራ ሁሉ በእግዚአብሔር የታመነ እንዳይመስል ይህን ደግሞ እንጽፍ። ጦርነቱ በተጀመረበት ወር የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በታላቁ ካቴድራል ቆሞ የጣሊያንን ዘመቻ የክርስትና ሥራ አድርጎ አወደሰው። በእኛም ወገን በ1921 በአንድነት ከተሾሙት አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል ዕጣው ተለያየ። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዙ ቢባሉ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ። አቡነ ሚካኤል በ1929 በጎሬ ተገደሉ። የጎጃሙ አቡነ አብርሃም ግን ለጠላት ገብተው፣ በ1930 ጣሊያን ከእስክንድርያ ለይቶ ሊቀ ጳጳስ አደረጋቸው። ሦስቱም አንድ ወንጌል ነበር የሚያነቡት። በአቡነ አብርሃም ላይ ፍርድ መስጠት ለዛሬ ሰው ቀላል ነው፤ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግንቦት 1929 እንደ ከብት ሲፈጁ የሰማ ሽማግሌ ምን እንደ ፈራ እኛ አልቀመስነውም። ቢሆንም የጎጃም ምእመን ጳጳሱን ተከትሎ አልገባም፤ ይህ ደግሞ የሚደነቅ ነው።

ጠላት የጎጃምን ሕዝብ መሣሪያ ሊያስፈታ በተነሣ ጊዜ አገሩ በ1930 ታወከ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በላይ ዘለቀ፣ ኃይሉ በለው በየአውራጃቸው ሸፈቱ፤ ጠላትም በከተማና በምሽጉ ውስጥ ተከበበ። የአርበኛው መሣሪያ ምን ነበር? ውጅግራና አልቢን፣ ከጠላት የተማረከ ምንሽር፣ ጥይቱም በጣት የሚቆጠር። ስንቁ በአገልግል የተያዘ በሶ፣ ቤቱም ዱር። ሴቶች ጥይትና ወሬ በቅርጫት ከእህል በታች ደብቀው ከገበያ ወደ ጫካ ያመላልሱ ነበር፤ በዳንግላ ሹመት የተቀበለ ባላባት ሌሊት ለአርበኛው እህል ይልክ ነበር።

በዚህ ጭንቅ መካከል፣ ኅዳር 7 ቀን 1931 የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መሆኑን በይፋ አወቀ። ስለ እምነት የሚጽፍ ሰው ዓይኑን በዚህች ቀን ላይ እንዲያሳርፍ እመክራለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሲመጣ ሁሉ ደፋር ሆኗል። በዚያ ኅዳር ግን በፋግታ ጫካ ብርድ ላይ ለሚያድር ሰው በምድር ላይ የሚደርስለት አንድም መንግሥት አልነበረም፤ ንጉሡ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ስደተኛ ናቸው፤ ጳጳሱ ገብተዋል፤ የጎጃም የቀድሞ ገዥ ልዑል ራስ ኃይሉ ከጠላት ጋር ናቸው። ለምን አልገባም? ርስቱ፣ ክብሩ፣ የወንድሙ ደም፣ ይህ ሁሉ አለበት። በየገዳሙና በየደብሩ የሚቆመው ምሕላም አለበት። አንዱን ከሌላው መለየት አልተቻለኝም፤ እነርሱም ይለዩት የነበረ አይመስለኝም።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በዚሁ በጠላት ዘመን፣ በ1932፣ ተመሠረተ ይባላል። ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሱን ሸልመው ዓድዋን ያስቡበታል። ጣሊያን አገሩን በያዘበት ወቅት ጣሊያን የተሸነፈበትን ጦርነት በፈረሰኛው ሰማዕት ቀን ማሰብ ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ አንባቢ ይመርምር።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ትናንት ዙፋኑን ለጣሊያን ያወቀለት መንግሥት ዛሬ አርበኛውን ፈለገው። በነሐሴ ወር ኮሎኔል ሳንፎርድ ጥቂት ሰዎች ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገባ፤ በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን የኖረ፣ በሙሎ እርሻ የነበረው ሰው ነው። ከጃንሆይ የተላኩት አዛዥ ከበደ ተሰማም መጡ። በአገው ምድር በፋግታ ሰፍረው የመጀመሪያ ሥራቸው ጦርነት ሳይሆን ዕርቅ ሆነ፤ ደጃዝማች መንገሻና ደጃዝማች ነጋሽ ተቀያይመው ነበርና አስታረቋቸው። እስከዚያ ድረስ አርበኛውን የእርስ በርስ ቅናትም ይጎዳው እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም።

በዘመነ ማቴዎስ፣ በ1933፣ ጥር 12 ቀን፣ የጥምቀት ማግስት በቃና ዘገሊላና በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ጃንሆይ በኡም ኢድላ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማውን ሰቀሉ። እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስም ከእርሳቸው ጋር ነበሩ። ከዚያ እስከ በላያ ተራራ ያለው በረሃ መንገድ የለውም። የጭነት መኪናው በድንጋዩና በደረቁ ወንዝ እየተሰናከለ ስለ ቀረ ጭነቱ ሁሉ በግመል ጀርባ ሆነ። ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ግመሎች ከሱዳን ተነሥተው ነበር፤ ደጋውን ሲወጡ ብርዱና ዳገቱ ፈጃቸው። ከኋላ የሚመጣው ጭፍራ መንገዱን የሚያውቀው በሬሳቸው ሽታ ነበር። አዲስ አበባ የደረሱት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ከጃንሆይ ጋር የገባው ጦር አዛዥ ኦርድ ዊንጌት ይባላል። ከሃይማኖተኛ ቤት የተወለደ፣ ብሉይ ኪዳንን እንደ ጦር መጽሐፍ የሚያነብ፣ ቁጡና እንግዳ ጠባይ ያለው ሰው ነበር። ጭፍራውን የጌዴዎን ጦር ብሎ ሰየመው። ታሪኩ በመጽሐፈ መሳፍንት አለ፤ ጌዴዎን ሠላሳ ሁለት ሺህ ሰው ይዞ ቢወጣ እስራኤል በገዛ ክንዱ እንዳይመካ እየተቀነሰ ሦስት መቶ ብቻ ቀረለት፤ እነርሱም በማሰሮ ውስጥ ችቦ ደብቀው፣ ቀንደ መለከት ይዘው በሌሊት ገቡ። የዊንጌትም ጦር ከሁለት ሺህ ብዙ የማይበልጥ፣ የሱዳን ወታደርና በኬንያ ከነበሩ ስደተኞች የተመለመለ የኢትዮጵያ ጓድ ነበር። በጎጃም የነበረው የጣሊያን ጦር ሠላሳ ሺህ ያህል ይቆጠራል።

በየካቲት ወር ነገሩ ተፈታ። ጣሊያኖች ዳንግላን ለቀው ወደ ባሕር ዳር፣ እንጅባራን ለቀው ወደ ቡሬ ሄዱ። ምሽግና መድፍ፣ የታጠረ ሽቦና ብዙ ዓመት የተከማቸ ስንቅ የነበረው ጦር ትልቅ ውጊያ ሳይገጥም በዘንገና መንገድ ወረደ። የጌዴዎን ጦር ተከትሎ እንጅባራ ገባ፤ ወዲያውም ወደ ቡሬ ዞረ። ጥቂቱ ብዙ መስሎ እንዲታይ በሌሊት እየተኮሰ ቦታ ይለውጥ ነበር፤ በድምፅ ማጉያም የባንዳውን ወታደር ጃንሆይ መጥተዋል እያለ ይጠራው ነበር። አርበኛውም ዳር ዳሩን ይዞ መንገድ ቆረጠ። የቡሬው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የመጣበትን ጦር ከልኩ እጅግ አብልጦ ቆጠረውና የካቲት 25 ቀን ከተማውን ለቀቀ። በጨረቃ ወንዝ አጠገብ ግን የኢትዮጵያ ጓድ በሚሸሸው ሠራዊት መንገድ ላይ ሳያስበው ተገኝቶ ብዙ ሰው ሞተበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ታሪኩ ይጎድላል። ጥቂቶች ብዙዎችን አሸነፉ የሚለው እውነት ነው፤ ግን በዚያው ወር በከረን ተራራ የሕንድና የእንግሊዝ ወታደር በሺህ እየሞተና እየቆሰለ የጣሊያንን ዋና ጦር ይዞ ነበር። ከረን ባይኖር ኖሮ ናታሌ ያን ያህል ባልደነገጠ። ተአምር ያለ ሰው ይህንም ይቁጠር።

ራስ ኃይሉን ጠላት በመጨረሻው ሰዓት ወደ ደብረ ማርቆስ ልኳቸው ነበር። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው፤ ጎጃም በስማቸው ይገዛልኛል ብሎ ተማመነ። ሰዉም አከበራቸው፣ ብዙው ግን አልተከተላቸውም። መጋቢት 28 ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም ዘግይተው መጥተው እጅ ነሱ። በዚያው ዕለት የእንግሊዝ ጦር ከደቡብ መጥቶ አዲስ አበባ ገባ። ጃንሆይ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ በገባ ልክ በአምስት ዓመቱ።

ዊንጌት በግንቦት ወር በአጊባር ብዙ ሺህ ጦር ይዞ የነበረውን ኮሎኔል ማራቬንታኖን ካስማረከ በኋላ ጭፍራው ተበተነ፤ እርሱም ወደ ካይሮ ተመለሰ። በዚያ በወባና በቁጭት ታሞ ሰኔ 27 ቀን በሆቴል ክፍሉ ጉሮሮውን በገዛ እጁ ቆረጠ፤ ሐኪሞች አተረፉት። በ1936 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ በአዲስ አበባ በስሙ ትምህርት ቤት ቆሞለታል። ጌዴዎንም ከድሉ በኋላ ከምርኮው ወርቅ ኤፉድ ሠርቶ ለቤቱ ወጥመድ እንደ ሆነበት መጽሐፉ አይሸሽግም።

ጃንሆይም ነፃነት አግኝተው ወዲያው ዐረፉ ማለት አይደለም። ነፃ ለማውጣት የመጣው ጦር የተያዘ የጠላት ግዛት ነው ብሎ ሊያስተዳድር ፈለገ፤ ክርክሩ ወራት ወሰደ። ጥር 23 ቀን 1934፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈረመ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች መንግሥታት መልእክተኞች ሁሉ በፊት እንዲቀመጥ፣ እንግሊዛውያን አማካሪዎችና ዳኞች እንዲገቡ፣ ኦጋዴንም በእንግሊዝ ጦር እጅ እንዲቆይ ተጻፈ። የቅድሚያው ወንበር በታኅሣሥ 1937 በተደረገው ሁለተኛ ውል ቀረ፤ ጦሩ ከያዘው ምድር ሐውድ የሚባለው ግን እስከ የካቲት 1947 ድረስ አልተመለሰም።