በናይሮቢ ሰማይ የጠፋው ቁጥር

በአዲስ አበባና በናይሮቢ መካከል የሚመላለሱ አውሮፕላኖች የሁለቱን አገሮች ድንበር ያቋርጣሉ። በኡራን ምድር ቆሞ ሽቅብ ለሚመለከት ሰው ሰማዩ ወሰን የሌለው ሜዳ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ያ ሜዳ እንደ ፎቅ ቤት በደርብ በደርብ የተከፈለ ነው። በመደበኛው ደንብ መሠረት ወደ ናይሮቢ የሚጓዘው አውሮፕላን እንደ 34,000 ወይም 36,000 ጫማ ያለ ጥንድ ሺህ ሲይዝ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው 35,000 ወይም 37,000 ይይዛል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ያህል ነው። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው ግንብ ወይም አጥር አይደለም፤ ከተቆጣጣሪ አፍ ወጥቶ በአብራሪ ጆሮ የሚገባ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ናይሮቢ ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1974፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው፣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ወደ ናይሮቢ ለማረፍ ይቃረብ ነበር። ተቆጣጣሪው እስከ 7,500 ጫማ እንዲወርድ ፈቀደ፤ ትእዛዙም በእንግሊዝኛ አኃዝ በአኃዝ «ሰባት፣ አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ» ተብሎ ተነገረ። በአብራሪዎቹ ልብ የተቀረጸው ግን 5,000 ሆነ። የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ5,300 ጫማ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ አብራሪዎቹ ሳያውቁት አውሮፕላኑን ከመሬት በታች ወዳለ ቁጥር እየመሩት ነበር ማለት ነው። ከደመናው ሲወጡ መሬቱ ከፊታቸው ተደቀነ። አውሮፕላኑ ወደ 70 ጫማ ያህል ብቻ ሲቀረው ቀና ብሎ ወጣ፤ የሞተ ሰውም አልነበረም።

በአቀራረብ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ስህተት በመውጣት ጊዜም ይፈጸማል፤ እንዲያውም ምክንያቱ ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው ያኔ ነው። አውሮፕላኑ መሬት በለቀቀ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጎማው ይታጠፋል፣ የክንፉ ፍላፕ ይሰበሰባል፣ የሞተሩ ጉልበት ይስተካከላል፣ የሬዲዮው ሞገድ ይለወጣል፤ ተቆጣጣሪውም አዲስ አቅጣጫና አዲስ ከፍታ ይሰጣል። የተወሰነ ከፍታ ሲታለፍ ደግሞ የከፍታ መለኪያው ከአካባቢው የአየር ግፊት ወደ 1013 ሄክቶፓስካል፣ ወደ ዓለም አቀፉ መደበኛ ልክ፣ መዞር አለበት። አንድ ሄክቶፓስካል ወደ 30 ጫማ ስለሚጠጋ፣ በሥራ ብዛት ይህን የዘነጋ አብራሪ መለኪያውን እያየ በመቶዎች ጫማ ሊሳሳት ይችላል። በደቂቃ 2,000 ጫማ የሚወጣ አውሮፕላን የ1,000 ጫማውን ልዩነት በግማሽ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

የዚህ ግማሽ ደቂቃ ዋጋ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1996 በሕንድ ታየ። ከዴልሂ የተነሣው የሳዑዲ ቦይንግ 747 በ14,000 ጫማ እንዲቆይ፣ ለማረፍ የሚመጣው የካዛኪስታን ኢሊዩሺን 76 ደግሞ በ15,000 እንዲቆም ታዘዋል። የካዛኩ አውሮፕላን ከተፈቀደለት በታች ወረደ፤ ሁለቱ በቻርኪ ዳድሪ ሰማይ ተጋጭተው 349 ሰዎች አለቁ።

ኢትዮጵያውያንን ያስለቀሰው የቤይሩት አደጋም በመውጣት ላይ ሳለ የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 409 በሌሊት፣ በነጎድጓዳማ ደመና መካከል ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ባሕር ገባ፤ 90 ሰዎችም ሞቱ። የሊባኖስ መርማሪዎች አብራሪዎቹ ፍጥነትን፣ ከፍታንና አቅጣጫን በአግባቡ አልተቆጣጠሩም ሲሉ፣ አየር መንገዱ ድምዳሜውን አልተቀበለም። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ በመውጣት ላይ ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ምን ያህል ጠባብ እንደሆኑ ይህ አደጋ ያሳያል።

መድኃኒቱ ከወዴት ተገኘ? ከቅጣት ይልቅ ከመናገር ተገኘ። በዚያው በ1974 ዲሴምበር 1 ቀን፣ ወደ ዋሽንግተን ዳላስ ማረፊያ ይቃረብ የነበረ የቲ.ደብሊው.ኤ. ቦይንግ 727 የተቆጣጣሪውን ፈቃድ በተሳሳተ መንገድ ተረድቶ ያለ ጊዜው ወረደና ከተራራ ተጋጭቶ 92 ሰዎች ሞቱ። የሚያሳዝነው ግን ከሳምንታት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ስህተት ለጥቂት መትረፋቸው ነው። እነርሱ ለድርጅታቸው ተናግረዋል፤ ወሬው ግን ከድርጅቱ አጥር አልወጣም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዲሉ፣ የአንዱ ቤት ምሥጢር የሌላው ቤት ሐዘን ሆነ።

ከዚህ በኋላ በ1976 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ስህተታቸውን የሚያሳውቁበት ሥርዓት አቋቋመ። የተናጋሪው ስም ይሰረዛል፤ ሆን ብሎ ያልፈጸመውን ጥፋት በወቅቱ ያሳወቀም ከቅጣት ከለላ ያገኛል። የተመደበ ከፍታን ማለፍ በዚህ መዝገብ ደጋግሞ ከሚነበቡት ጉዳዮች አንዱ ሆነ። በ1981 የአሜሪካ ደንብ ከ10,000 ጫማ በታች ከሥራ ውጭ የሆነ ወግ በአብራሪዎች መካከል እንዳይኖር አገደ። ዛሬ አብራሪ የተሰጠውን ቁጥር ለተቆጣጣሪው መልሶ ይናገራል፤ አንዱ ቁጥሩን ሲሞላ ሌላው አይቶ ያረጋግጣል፤ ከፍታው 1,000 ጫማ ሲቀረውም ድምፅ አውጥቶ ያስታውሳል።

አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ የተነገረ ቃል እንደማይመለስ ማስጠንቀቃቸው ነበር። የአቪዬሽን ታሪክ ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሯል፤ የሰማው ሰው መልሶ ከተናገረውና የተናገረው ሰው መልሶ ካዳመጠው፣ ቃል ከአፋፉ ሊመለስ ይችላል። በድንበሩ ሰማይ ጥንዱና ጎደሎው ሺህ ሳይገናኙ የሚተላለፉት በዚህ ልማድ ነው።