አሮጌ ካርታና የአባቶች መካነ መቃብር
(የደቡብ ጎንደር የገጠር አብያተ ክርስቲያናት እንደ ምሳሌ)

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” ይላል የአገራችን ሰው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት ወቅት ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገሩ የተለመደና ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ የአርሶ አደሩ መሬት የሚታረሰው ብቻ አይደለም። አባት፣ አያትና ቅድመ አያት ያረፉበት፣ አራሹም ተራው ሲደርስ የሚያርፍበት መሬትም አለ። ይህ መሬት በኩንታል ስለማይለካ ብዙ ጊዜ አስታዋሽ የለውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የተዘነጉ የገጠር መቃብር ቦታዎች በአሮጌ ካርታና በአየር ፎቶግራፍ አማካይነት እንዴት ሊጠኑና ሊጠበቁ እንደሚችሉ ለአንባቢያን ማስገንዘብ ነው።

መቃብርና ደን

እንደሚታወቀው በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የሚኖር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሲያርፍ የሚቀበረው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ውስጥ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ለአብዛኛው ሰው በመቃብሩ ላይ የሚደረገው ምልክት የድንጋይ ክምር ነበር። ስም የሚጻፍበት ሐውልት ጥቂቶች ብቻ የሚችሉት ነገር ነው። በመሆኑም ማን የት እንዳረፈ የሚያውቁት ካህናት፣ የዕድር ሰዎችና የሟቹ ቤተ ዘመዶች ናቸው። አንድ አዋቂ ሽማግሌ ባረፈ ቁጥር ይህ ዕውቀት አብሮት ይሄዳል።

በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ፣ ኮሶና ብሳና የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ይገኛሉ። ዛፎቹ የተጠበቁት መቃብር ስላለ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ታቦቱን ስለሚያከብርና ቦታውን እንደ ቅዱስ ሥፍራ ስለሚያይ ነው። የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪውና “እመጓ” በተባለው መጽሐፉ በብዙ አንባቢ ዘንድ የሚታወቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎችን መዝግቧል። በሌላ ቦታ የጠፉ ዕፀዋት በአባቶች መቃብር ዙሪያ ተርፈዋል ማለት ነው። መቃብሩ ሲደፈር ደኑ ይደፈራል፤ ደኑ ሲመነጠርም መቃብሩ እርቃኑን ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱን ነጣጥሎ መጠበቅ አይቻልም።

ካርታው ከየት መጣ?

ከካርታ በፊት የድንበር መዝገብ የነበረው በቤተ ክርስቲያን ነው። ነገሥታትና መኳንንት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ጉልት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። በየአጥቢያው ያሉ አሮጌ የብራና መጻሕፍት ከጸሎት አገልግሎታቸው ባሻገር የመሬት ታሪክ ምስክሮች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

የውጭ አገር ሰዎችም በየዘመናቸው አገራችንን በካርታ ለማስፈር ሞክረዋል። ከእነዚህ መካከል አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ለዓመታት በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ከተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ በመለኪያ መሣሪያ የቦታዎችን አቅጣጫ እየለካ ካርታ አዘጋጅቷል። እንዲህ ያለው ካርታ የቦታ ስሞችን ለማወቅ ይረዳል እንጂ የአንድን መቃብር ቦታ ወሰን አያሳይም።

ለዚህ ጉዳይ ትልቁን ጥቅም የሰጠው ግን በክፉ ዓላማ የተሠራ ሥራ ነው። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በተነሣችበትና በያዘችበት ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የጦር ካርታ ክፍሏ በአውሮፕላን ሆኖ ሰፊ የአገራችንን ክፍል ፎቶግራፍ አንሥቷል። አውሮፕላኑ ከመሬት ከ4,000 እስከ 4,500 ሜትር ከፍታ ላይ እየበረረ በአንድ ጊዜ አራት ፎቶግራፎች ያነሣ ነበር። አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስቱ ደግሞ በጎን በኩል የሚታየውን የሚያሳዩ ናቸው። እነዚህ ፎቶግራፎች በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው በአዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ ትኩረት አግኝተው በኮምፒውተር እንዲገለበጡ ተደርጓል። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው ዘገባ መሠረት የሰሌዳዎቹ ቁጥር 8,281 ነው። ለወረራ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬ የአባቶቻችንን ማረፊያ ለማወቅ ማገልገሉ የታሪክ ግርምት ነው።

ከነጻነት በኋላ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌሎች የአየር ፎቶግራፎች ተነሥተዋል። ቆየት ብሎም ስኬላቸው 1፡50,000 የሆኑ ካርታዎች ታትመዋል። በእነዚህ ካርታዎች ላይ አብያተ ክርስቲያናት በመስቀል ምልክት ይታያሉ። ብዙዎቹም ከነስማቸው ተጽፈዋል።

ፎቶግራፉ ምን ይናገራል?

ከላይ የተጠቀሱት የኢጣልያ ፎቶግራፎች በደቡብ ጎንደር ላይ ሲታዩ በታረሰው መሬት መካከል ጠቆር ያሉ ክብ ነጥቦች ይታያሉ። እነዚህ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። የአሜሪካና የቤልጅየም ተመራማሪዎች የ1938 እ.ኤ.አ. (1930 ዓ.ም.) ፎቶግራፎችን ከ2015 እ.ኤ.አ. የሳተላይት ምስሎች ጋር አነጻጽረው ሁለት ጠቃሚ ነገሮችን አግኝተዋል።

አንደኛ፣ አብዛኛው መሬት በዚያ ዘመንም ቢሆን የታረሰ ወይም የግጦሽ መሬት ነበር። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ደኑ ሁሉ በእኛ ዕድሜ የተመነጠረ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ ስፋት በአመዛኙ እስከ ቅርብ ጊዜ ሳይቀንስ ቆይቷል። ይህም በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ይዞታዋን ካጣች በኋላ እንኳ ሕዝቡ ቅጽሩን እንዳልደፈረ ያሳያል። ለአርሶ አደሩ ይህ ትልቅ ክብር ነው።

ሁለተኛ፣ በ1930 ዓ.ም. በደኑና በእርሻው መካከል የነበረው ቁጥቋጦ በብዙ ቦታ ጠፍቷል። ዛሬ ማረሻው የሚቆመው ከዛፉ ሥር ነው። በደኖቹ አካባቢም ባሕር ዛፍ በዝቷል።

ይህ ቁጥቋጦ ለመቃብር ታሪክ ትርጉሙ ቀላል አይደለም። በክፉ ቀን ዘመን፣ ማለትም ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት የረኃብና የወረርሽኝ ዓመታት፣ ቀባሪ እየጠፋ ብዙ ሰው በወደቀበት አፈር መቅመሱ በታሪክ የታወቀ ነው። በየዘመኑም በቅጽር ውስጥ መቀበር ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የሚያርፉት ከቅጽሩ ውጭ ነው። ስለሆነም ማረሻ ድንጋይ ክምር ሲያገኝ ሁሉ ለመሬት ጠረጋ ብሎ መበተን የሰውን አጥንት መበተን ሊሆን ይችላል።

በዓመት አንድ ትልም

ድንበር የሚገፋው በአንድ ቀን አይደለም። አንድ ትልም 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው እንበል። በየዓመቱ አንድ ትልም ብቻ ቢጨመር በ40 ዓመት 10 ሜትር ይሆናል። ስፋቱ 4 ሄክታር የሆነ ክብ የቤተ ክርስቲያን ቦታ ዙሪያውን 10 ሜትር ቢገፋ የሚያጣው ወደ 0.68 ሄክታር ገደማ ነው። ይህ ከሁለት ጥማድ ተኩል በላይ ነው። ማንም ሰው “መቃብር አረስኩ” ሳይል ሁለት ጥማድ ተኩል መቃብር ሊታረስ ይችላል ማለት ነው።

ጉዳቱ ከእርሻ በኩል ብቻ የሚመጣም አይደለም። ከብቶች ወደ ግቢ ሲገቡ የበቀለውን ችግኝ ይረግጣሉ፣ የመቃብር ድንጋይም ይበትናሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሲሚንቶ የሚሠራ ሰፊ መቃብር እየተለመደ መጥቷል። አንድ ባለ ሲሚንቶ መቃብር የብዙ ድሆችን ቦታ ይይዛል። ከሥሩ የነበረው የድንጋይ ክምር የማን እንደነበረ የሚጠይቅም የለም። ሟችን ማክበር መልካም ቢሆንም አንዱን ለማክበር ሌላውን ማጥፋት አይገባም።

ጥናቱ እንዴት ይካሄዳል?

ይህ ሥራ የግድ ከዩኒቨርሲቲ በሚመጣ ሰው ብቻ የሚሠራ አይደለም። ማኅበረሰቡ ራሱ፣ ከትምህርት ቤቱ መምህራንና ከቀበሌው ባለሙያዎች ጋር በመሆን፣ በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊሠራው ይችላል።

በመጀመሪያ የአጥቢያው ካህናትና ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይጠየቃሉ። የድሮው የቤተ ክርስቲያን ቦታ የት ነበር? ሰዎች ወደ አዲስ መንደር ከመሰባሰባቸው በፊት የትኛው ጎጥ የት ይቀበር ነበር? የሚሉት ጥያቄዎች ተጽፈው መልሳቸው ከነተናጋሪው ስም ይመዘገባል። ሴቶችም መጠየቅ አለባቸው። ለተዝካርና ለሙት ዓመት ወደ መቃብር የሚመላለሱት እናቶች ወንዶች የረሱትን ያስታውሳሉ።

ቀጥሎ ካርታው ይታያል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። ባለ 4 ሄክታሩ ክብ ደን በካርታው ላይ የሚታየው ከ5 ሚሊ ሜትር ባነሰ ስፋት ነው። ስለዚህ ካርታው ቦታውን ያመለክታል እንጂ ድንበሩን አይለይም። ከላይ ወደ ታች የተነሣው የኢጣልያ ፎቶግራፍ ግን ስኬሉ 1፡11,500 ያህል በመሆኑ ያው ደን 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይታያል። ዱካና ቁጥቋጦም ሊለይ ይችላል። የእነዚህ ካርታዎችና ፎቶግራፎች ባለቤት የሆነው ተቋም በአሁኑ ጊዜ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይባላል።

የቦታ ስም ሲነበብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንድ ወረዳ ብዙ ማርያም፣ ብዙ ጊዮርጊስ፣ ብዙ ሚካኤል አለ። የውጭ አገር ሰው የጻፈው ስምም በአካባቢው ሰው አፍ ከሚጠራው ሊራራቅ ይችላል። ስሙን ሽማግሌ ሳያረጋግጠው መቀበል ስሕተት ላይ ይጥላል።

በሦስተኛ ደረጃ ቦታው በእግር ይታያል። የድንጋይ ክምር፣ የፈረሰ ካብ፣ ብቻውን የቀረ አሮጌ ዛፍ ሁሉ ምልክት ነው። የተገኘው በጂፒኤስ ተለክቶ በመዝገብ ይያዛል። መቆፈር ግን ፈጽሞ አይገባም። ለዚህ ሥራ ቁፋሮ አያስፈልግም፤ ያለ ፈቃድ በቅርስ ቦታ መቆፈርም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የተከለከለ ነው። ጥናቱ በሙስሊም ወገኖቻችን መካነ መቃብር ላይ ሲካሄድም በእነርሱ ሽማግሌዎች ፈቃድና መሪነት ሊሆን ይገባል።

ካርታ ዳኛ አይደለም

አሮጌ ፎቶግራፍ ምስክር እንጂ ፈራጅ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። የይዞታ መብት የሚወሰነው በመሬት አስተዳደር ሕግ ነው። አርሶ አደሩ በእጁ የያዘው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በአንድ ፎቶግራፍ አይሰረዝም። ፎቶግራፉ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያደላም አይደለም። አንዳንድ ጊዜ የተገፋው የአርሶ አደሩ ማሳ መሆኑን፣ ባሕር ዛፉም የተተከለው ቀድሞ እርሻ በነበረ መሬት ላይ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። ምስክርነቱን የሚቀበል ሰው ሲጠቅመውም ሲጎዳውም መቀበል ይኖርበታል።

ጠቀሜታው ያለው ከክርክር በፊት ነው። መሬት ሲለካና ሲመዘገብ የመቃብር ቦታው ወሰን በሽማግሌና በፎቶግራፍ ተረጋግጦ ቢያዝ፣ በኋላ ወንድም ከወንድሙ፣ ምእመን ከካህኑ አይካሰስም። ተሳስቶ የተመዘገበ ወሰን ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ጠብ ይሆናል።

ድንጋዩን ከማሳ ወደ ካብ

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋር በመተባበር በደቡብ ጎንደር በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ለካቡ የሚሆነው ድንጋይ ከማሳ የተለቀመ ነው። በዚህም አርሶ አደሩ ማሳው ሲጠራለት፣ ደኑ ከከብት ተጠብቋል፣ የሞቱትም ወሰናቸው ታውቋል። ወጪው ጉልበት፣ ትርፉ ለሁሉም ነው።

ይህ አሠራር ለኅብረት ሥራ ማኅበራት እንግዳ አይደለም። ሕዝባችን ከማኅበር በፊት በደቦና በወንፈል ሲሠራ፣ በዕድር ሲቀባበር የኖረ ነው። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በአጥቢያው ያለውን አንድ የተዘነጋ መቃብር ቦታ ቢያስመዘግብና ካቡን ቢያስከብር፣ ከችግኝ ጣቢያም የጽድና የወይራ ችግኝ ቢያደርስ፣ ሥራው ከአቅም በላይ አይሆንም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሽማግሌዎቹ ቃል ይጻፍ። ፎቶግራፉ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ነገም ይገኛል። የድንጋዩ ክምር የማን እንደሆነ የሚነግሩን አባቶችና እናቶች ግን ነገ ላይገኙ ይችላሉ።