የመንደሩ ቢራና የመንደሩ ቤት

መጠጥ ቤት ሲዘጋ የሚያዝነው ጠጪ ብቻ ይመስለናል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከምብሪያ ውስጥ፣ ሄስኬት ኒውማርኬት የምትባለውን ትንሽ መንደር የጎበኘ ሰው ግን ይህን ሐሳቡን መለወጡ አይቀርም።

የመንደሯ መጠጥ ቤት «ኦልድ ክራውን» ይባላል፤ አሮጌው ዘውድ ማለት ነው። ስሙን ያስጠራው እንግሊዞች «ሪል ኤል» ወይም እውነተኛ ኤል የሚሉት ቢራ ነው። ይህ ቢራ እርሾው ሳይሞት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ሆኖ መፍላቱን አያቆምም። በጋዝ እየተገፋ ሳይሆን በእጅ ፓምፕ እየተሳበ ይቀዳል። የሚጠጣውም 12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ነው። በርሜሉ አንዴ ከተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ጠላ ጠምቆ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ እንዲህ ያለ መጠጥ ዘወትር ጠባቂ ይፈልጋል።

ሊያጠፋው የደረሰውም ይኸው ጠባቂ ፈላጊነቱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትላልቅ ጠማቂዎች ትንንሾቹን እየገዙ ዋጧቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው ገበያ በስድስት ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ ከመጠጥ ቤቶቹም ብዙዎቹ የእነርሱው ንብረት ነበሩ። ለእነርሱ የሚመቸው ተጣርቶ፣ እርሾው ተገድሎ በጋዝ የሚቀዳው ቢራ ሆነ፤ ሩቅ ይጓዛል፣ ብዙ ይቆያል፣ ጠባቂም አያሻውም።

በ1971 አራት እንግሊዛውያን አየርላንድ ውስጥ ለሽርሽር ሳሉ «ካምራ» የተባለውን የጠጪዎች ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ባካሄደው ዘመቻ የቀድሞው ቢራ ነፍስ ዘራ። በ1989 ደግሞ መንግሥት ከ2,000 በላይ መጠጥ ቤት የነበራቸውን ጠማቂዎች ይዞታ የሚቀንስ ደንብ አወጣ። ይሁን እንጂ ከተለቀቁት ቤቶች ብዙዎቹ የወደቁት ቢራ በማይጠምቁ፣ ቤት በሚያከራዩ አዳዲስ ኩባንያዎች እጅ ነበር። ቢራው ዳነ፤ ቤቱ ግን ለባለገንዘብ እንደተጋለጠ ቀረ።

የሄስኬት ኒውማርኬት ሰዎች መልስ የሰጡት ለዚህ ነው። በ1988 ከኦልድ ክራውን ጀርባ ባለ ጎተራ ውስጥ አነስተኛ መጥመቂያ ተከፍቶ ነበር። ከቢራዎቹም አንዳንዶቹ ስኪዶና ብሌንካትራ በተባሉት የአካባቢው ተራሮች ተሰየሙ። በ1999 መጥመቂያው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነ። በ2003 መጠጥ ቤቱ ራሱ በሚሸጥበት ጊዜ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዙት። በብሪታንያም በኅብረት ሥራ ማኅበር ከተያዙት የመጀመሪያዎቹ መጠጥ ቤቶች አንዱ ሆነ።

የኅብረት ሥራ ደንቡ አንድ አባል፣ አንድ ድምፅ ነው። ታዲያ በዚህ ቤት ብርጭቆውን ይዞ አጠገብዎ የተቀመጠው ሽማግሌ ከባለቤቶቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ቢራው ከኮመጠጠብዎ አቤቱታዎን ለእርሱ ያሰማሉ።