ባለሁለት ምንጭ የሞተር ማስነሻ
ባለሁለት ምንጭ ማስነሻ አንድን የሞተር ድራይቭ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ በመለዋወጥ የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ፣ ከሁለት የትእዛዝ ምንጮች፣ ለምሳሌ ከእጅ ቁልፍና ከፒኤልሲ (በፕሮግራም ከሚሠራ መቆጣጠሪያ)፣ ለማስነሳት የሚያስችል የሽቦ አዘረጋግ ነው። የሁለቱ ምንጮች የ24 ቮልት መውጫዎች በቀጥታ ከተጣመሩ የአንዱ ኃይል ወደ ሌላው ተመልሶ ሊያበላሸው ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ምንጭ የራሱን ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ያንቀሳቅሳል፤ ከድራይቩ ማስነሻ መግቢያ ጋር የሚያያዙትም ከቮልቴጅ ነፃ የሆኑት የሪሌዎቹ ኮንታክቶች (መገናኛ ነጥቦች) ብቻ ናቸው። በትይዩ የተያያዙ ኮንታክቶች አንዱ ሲከፈት ሌላው ሞተሩን ማስኬዱን ሊቀጥል ስለሚችል፣ «በእጅ፣ ጠፍቷል፣ አውቶማቲክ» የሚል ባለሦስት ቦታ መምረጫ በአንድ ጊዜ አንዱን ምንጭ ብቻ ያገናኛል። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ግን ከመምረጫው ውጭ ተዘርግቶ የትኛውም ምንጭ ቢመረጥ ሞተሩን ያቆማል፤ የማቆሚያው ቁልፍ ወደ ቦታው መመለሱም ብቻውን ሞተሩን ዳግም ማስነሳት የለበትም።