ሆያ ሆዬ ልመና አይደለም



ሰው ሲሰደድ ቤቱን፣ እርሻውንና ከብቱን ትቶ ይወጣል፤ በዓሉ ግን አብሮት ይሰደዳል። እዚህ አሕመድ ዳጋህ ውስጥ ነሐሴ በገባ ቁጥር ልጆች ስለ ቡሄ መጠየቃቸው አይቀርም። ከወላጆች መካከል ደግሞ «በሰው አገር፣ ያውም በእርዳታ እየኖርን፣ ልጅ ዱላ ይዞ ቤት ለቤት ቢዞር ልመና አይመስልብንም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ክብርን የሚነካ ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም። መልሱም የሚገኘው በበዓሉ ታሪክ ውስጥ ነው።

ቡሄ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ይከበራል። በቤተ ክርስቲያን ደብረ ታቦር ይባላል፤ ይኸውም ክርስቶስ በታቦር ተራራ ላይ ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ዕለት መታሰቢያ ነው። በዋዜማው ማታ ችቦ የሚበራው የዚያ ብርሃን ምሳሌ ነው ይባላል። የጅራፉ ጩኸት ከሰማይ የመጣውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል። ሙልሙሉን በተመለከተ አበው ሲተርኩ፣ በተራራው አካባቢ ከብት ይጠብቁ የነበሩ እረኞች በብርሃኑ ተገርመው ሳይመለሱ በማምሸታቸው ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይላሉ።

የቤተ ክርስቲያኑ ትርጓሜ ይህ ሲሆን፣ ገበሬው ደግሞ የራሱ ቆጠራ አለው። ቡሄ የክረምቱ ጀርባ የሚሰበርበት ቀን ነው። ደመናው መሳሳት፣ ሰማዩም መገለጥ ይጀምራል። ስለ ስሙም ሁለት ትርጉም ይነገራል፤ አንዱ ከብርሃንና ከመገለጥ ጋር ሲያያይዘው ሌላው ከሊጥ መቡካት ጋር ያገናኘዋል። እረኛው ከቃጫ ወይም ከልጥ የገመደውን ጅራፍ ማጮህ የሚጀምረው በዓሉ ከመድረሱ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን ላይ ሃይማኖትና ወቅት፣ ተራራና ማሳ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የሚመስለንን ሕዝብ ብንፈልግ እጅግ ሩቅ ቦታ እናገኘዋለን። አየርላንዶች ከጥንት ጀምሮ ሳውን የሚባል በዓል አላቸው። የሚከበረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ማታ፣ በእኛ ጥቅምት 21 ቀን ግድም ነው። ቀኑን እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ከዋዜማው ምሽት ይጀምሩታል። በዚያን ጊዜ ከብቱ ከበጋው ግጦሽ ይመለሳል፤ በኮረብታ ላይ እሳት ይነድዳል፤ የሙታን መናፍስት በምድር ይመላለሳሉ ተብሎም ይታመን ነበር። እኛ እሳት የምናበራው ጨለማው ወቅት ሲወጣ ሲሆን እነሱ ግን ሲገባ ነው። ክርስትና ከተስፋፋ በኋላ ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ሆነ፤ ማግስቱም ለሙታን ጸሎት ተሰጠ። በመካከለኛው ዘመን በአየርላንድና በእንግሊዝ ድሆችና ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ለቤቱ ሙታን ይጸልዩ ነበር፤ ባለቤቶቹም ትንንሽ ዳቦ ይሰጧቸው ነበር። ጸሎቱም ዳቦውም ስጦታ ነበር።

ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 ድረስ የድንች በሽታ ያመጣው ታላቅ ረሃብ አየርላንድን መታት። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም ተሰደደ። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን አሜሪካ ሲገቡ ሳውን አብሯቸው ገባ። በአገራቸው ቀይ ሥር የመሰለውን ተርኒፕ ፈልፍለው ፋኖስ ያደርጉት ነበር፤ በአዲሱ አገር ግን ትልቅ ዱባ ስላገኙ በዱባ ተኩት። ዛሬ በዓለም የታወቀው ሃሎዊን የእነዚያ ስደተኞች ቅርስ ነው። ይሁን እንጂ በጉዞው ላይ አንድ ነገር ጠፋ። በ20ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ልጆች ጸሎቱን ትተው «ካልሰጣችሁ እናስቸግራችኋለን» እያሉ ከረሜላ መሰብሰብ ጀመሩ። ተርኒፑ በዱባ መለወጡ በዓሉን አልጎዳውም፤ የጸሎቱ መቅረት ግን ባዶ አደረገው።

ከዚህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለ። ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆችን ሥርዓት ልብ ብለን እንይ። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዮቹ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ይቀበላሉ። አባወራውንና እመቤቲቱን ያሞግሳሉ፣ ሙልሙል ሲሰጣቸውም ቤቱን መርቀው ይሄዳሉ። ለማኝ የሚጠይቀው ስለ ችግሩ ነው፤ የቡሄ ልጅ ግን ደስታ ይዞ ይመጣል፣ ምርቃት ትቶ ይሄዳል። የሀብታምም የድሃም ልጅ እኩል ይጨፍራል። የክርስትና አባትም ለክርስትና ልጁ ሙልሙል የሚሰጠው ልጁ ስለ ተራበ ሳይሆን የእሱ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ሆያ ሆዬን ልመና የሚያደርገው ምርቃቱ ሲቀር ነው፤ ሙልሙሉ በብር በተተካበት ከተማ ሁሉ ልንጠነቀቅለት የሚገባውም ይኸው ነው።

የምንኖርበትም ሕዝብ ቢሆን ለእሳት በዓል እንግዳ አይደለም። ሶማሌዎች ዳብሺድ የሚሉት የዘመን መለወጫ አላቸው፤ ቃሉ እሳት ማንደድ ማለት ነው። በሐምሌ ማብቂያ ግድም እሳት አንድደው በላዩ ይዘላሉ። ይሁን እንጂ ጎረቤታችን ሙስሊም መሆኑን፣ የእኛን ዜማም የማያውቀው መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ጅራፉና ችቦው ሰው የሚያስደነግጡ ከሆነ ይቅሩ፤ አየርላንዱም ተርኒፑን ትቷል። ጭፈራው በሚተዋወቁ ቤቶች መካከል ይሁን። ዱቄቱ የእርዳታ ዱቄት ቢሆንም ሙልሙል ለመሆን የሚያንሰው ነገር የለም።

በእርዳታ የሚኖር ሰው ዓመቱን ሙሉ ተቀባይ ነው፤ ስሙ በመዝገብ ይጠራል፣ ተሰልፎም ይወስዳል። ይህን እያየ የሚያድግ ልጅ መስጠት የሌሎች ሥራ ሊመስለው ይችላል። በቡሄ ዕለት ግን ያው ልጅ በሰው ደጅ ላይ መራቂ ሆኖ ይቆማል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችንን ከዜማው ጋር ምርቃቱንም እስከ መጨረሻው እናስጠናቸው።

ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።